ከአገልግሎት የተመለሰ ሰው ትምህርት ቤትም ሰፈርም ይሻል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለተመለሱ ወጣቶች፣ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለዕድር መሪዎች የቀረበ ንግግር



 ዛሬ በፊታችሁ ልናቀርበው የወደድነው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ወጣት ከቤቱ ርቆ፣ በሌላ ሀገር ወይም በሌላ ክልል፣ በመጠነኛ አበል አንድ ወይም ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ሲሄድ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ሽኝት ይደረግለታል፤ ወላጆቹ መርቀው ይሸኙታል። ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በሣጥን ይቀመጣል። ወጣቱ በአገልግሎት ያገኘው እውቀት ግን የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል።

ከአገልግሎት የሚመለስ ወጣት ባዶ እጁን አይመጣም። ቋንቋውን በማያውቀው ቀበሌ ገብቶ፣ ከሰላምታ ጀምሮ እምነት እንዴት እንደሚገኝ ተምሯል። አንዱን መጽሐፍ ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩበት ክፍል አስተምሯል፤ ወይም መድኃኒት ባለቀበት ጤና ጣቢያ ታማሚን አጽናንቷል። በወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ምን እንደሚሆን አይቷል። ከሁሉም በላይ ከመናገር በፊት መስማት እንደሚቀድም ገብቶታል። የጎደለውም ግልጽ ነው፤ ያየውን የሚመዝንበት ጥናት፣ ለሥራ የሚያበቃው ማስረጃ፣ የሚያማክረው መምህር፣ እስኪቋቋም ድረስ የሚኖርበት ገንዘብ።

በሌላ በኩል ሰፈራችን አለ። ከጎፋና ከሳር ቤት እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ሐና ማርያም ድረስ ያለውን ኑሮ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሞ በመካከላችን ያልፋል፤ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ኑሯቸው በዚያው ውኃ ላይ ነው። በጀሞና በለቡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ የቀድሞው ሰፈራቸው ዕድር ግን በቀድሞው ሰፈር ቀርቷል። በመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ በምልክት ቋንቋ የሚያነጋግራቸው ሱቅ፣ ጤና ጣቢያና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን እናስብ።

ተመላሹ ወጣት የተግባር እውቀት አለው። ሰፈሩ ሥራ አለው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት አላቸው። ሦስቱ የሚገናኙበት መንገድ ካልተበጀ የሦስቱም ሀብት በየፊናው ይባክናል። የዛሬው ንግግራችን ጭብጥ ይህ ነው፤ ከአገልግሎት የተመለሰ ሰው የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የሰፈር ሥራ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ውል ሊቀርቡለት ይገባል እንላለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከሀገራችን ጋር የተሳሰረ ታሪክም አለው። በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው የሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች የላከው በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ270 የሚበልጡት እነዚህ ወጣቶች በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው መጡ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሆኑ። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች በመካከላችን ካሉ ያስታውሷቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ፖል ሶንጋስ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በወሊሶ አስተምሮ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ ሕግ አጠና፤ በኋላም የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ። የወሊሶ ዓመታት በሕይወቱ ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ራሱ ደጋግሞ የሚናገር ሰው ነበር።

የሰላም ጓድ ገና ከመነሻው ሦስት ዓላማዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ለጠየቁ ሀገሮች የሠለጠነ ሰው ማቅረብ ነው። ሁለተኛው የተላኩበት ሕዝብ አሜሪካውያንን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አሜሪካውያን ሌላውን ሕዝብ እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ይህ ሦስተኛው ዓላማ የሚፈጸመው በጎ ፈቃደኛው ከተመለሰ በኋላ ነው። ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ይገኛል፤ መመለስ የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ሆኖ አስቀድሞ ታስቦበት ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በወር 75 ዶላር በስሙ ይቀመጥለት ነበር። ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ሲመለስ 1,800 ዶላር ያህል ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሀብታም የሚያደርግ ገንዘብ አልነበረም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ባዶ ኪስ ከመቆም ግን ያድናል።

ገንዘብ ብቻውን አልበቃም። በ1963 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከተማ፣ ካርዶዞ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሙከራ ተጀመረ። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ጥቁር አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹም የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ከውጭ ሀገር አገልግሎት የተመለሱ የሰላም ጓድ አባላት በዚያ ተመድበው በቀን የተወሰኑ ክፍለ ጊዜያትን ያስተምራሉ፤ የትምህርት መሣሪያ ያዘጋጃሉ፤ የልጆቹን ሰፈርና ቤተሰብ ያውቃሉ፤ ከዚያም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ይማራሉ። የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነበር። በሩቅ ሀገር፣ በቂ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ማስተማር የቻለ ሰው በገዛ ከተማው ለተረሱ ልጆች የሚሆን ነገር አለው፤ ይህ ነገር ፍሬ የሚያፈራው ግን በጥናትና በአማካሪ ሲደገፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ዛሬ የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች ከሚታዩበት ከዩ ስትሪት አጠገብ መሆኑን ስናስብ ታሪኩ ከእኛ የራቀ አይመስልም።

የካርዶዞው ሙከራ በአንድ ሕንጻ ውስጥ አልቀረም። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የመምህራን ጓድ የተባለውን ሀገር አቀፍ መርሐ ግብር ሲያቋቁም ከዚህ ተሞክሮ ወስዷል። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ለተመላሽ የሰላም ጓድ አባላት የተለየ ፌሎውሺፕ ከፈተ። ተመላሾቹ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እያስተማሩ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን ይከታተላሉ። ይህ አሠራር አድጎ፣ ከ1989 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ዳይሬክተር በነበሩት በፖል ኮቨርዴል ስም የሚጠራ መርሐ ግብር ሆነ፤ ከ100 የሚበልጡ ዩኒቨርሲቲዎችም ተቀላቅለውታል።

አሠራሩን ጠጋ ብለን ስንመለከት ሦስት ነገሮች እናያለን። አንደኛ፣ የድጋፉን ዋና ወጪ የሚሸከሙት ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው፤ የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ፤ አንዳንዶቹ የኑሮ አበል ይጨምራሉ። ሁለተኛ፣ ዕድሉን የሚያገኝ ሁሉ በሀገሩ ውስጥ ችግር በበዛበት ማኅበረሰብ የተግባር ልምምድ ማድረግ ግዴታው ነው፤ ትምህርቱ ያለ ልምምዱ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን ያጠናቀቀ ሰው የማመልከት መብቱ ዕድሜ ልኩን አይቋረጥም። ትናንት የተመለሰውም፣ ቤተሰብ መሥርቶ ልጅ አሳድጎ ከ15 ዓመት በኋላ ለመማር የወሰነውም እኩል በር ያንኳኳሉ። ይህ ሦስተኛው ነጥብ በተለይ ለእኅቶቻችን ትርጉም አለው። ከአገልግሎት ተመልሳ ትዳር የመሠረተች፣ ልጅ የወለደች ሴት የትምህርት ዕድሏ በዕድሜ ገደብ ምክንያት ሲያልፋት ማየት በሀገራችን የተለመደ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ "ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?" ሊል ይችላል። መልሳችን ከራሳችን ታሪክ የሚነሣ ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለ ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ ሲቃረብ፣ ከመጨረሻው ዓመት በፊት፣ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ በትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ሌሎች በየሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠሩ። ከዓመቱ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ትምህርት፣ አገልግሎት፣ ከዚያም እንደገና ትምህርት፤ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ገጠሩን ከመጽሐፍ ብቻ ያውቅ የነበረው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ወደ ክፍል ሲመለስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። መምህሩም የሚመልሰው መልስ ይከብዳል። በአፍሪካ ከቀደሙት የዚህ ዓይነት ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ይህ ሥራ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነበር።

ከዚያ የተከተለው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ ሀገሪቱ ተሰማሩ። መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፤ የገበሬ ማኅበራትን አደራጁ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሲመለሱ የጠበቃቸው ያዩትን በርጋታ የሚመዝኑበት የመማሪያ ክፍል ሳይሆን የዚያ ዘመን የፖለቲካ ማዕበል ነበር። ከዚያ ትውልድ ስንቱ እንደጠፋ በመካከላችን ያሉ አረጋውያን ያውቃሉ። መላክን ብቻ አስቦ መቀበልን ያላሰናዳ ሥርዓት የወጣቱን እውቀት ለንፋስ ይሰጣል። በአንጻሩ የተመለሰውን የሚያዳምጥ መምህርና የሚያሠራ ሰፈር ካለ ያ እውቀት ይዘራል፣ ይበቅላልም።

ትምህርትን ከሰፈር ጋር ማጣመርም በሀገራችን ሥር ያለው ነገር ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ሦስቱም በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች እየሠሩ ተማሩ። ጅማም በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መርሑ አድርጎ ተነሣ፤ ዛሬም ይታወቅበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የመስክ ልምምድን የትምህርቱ አካል አድርጓል፤ በአራዳ ከሚገኘው የገዳም ሰፈር ነዋሪዎች ጋርም የዩኒቨርሲቲና የማኅበረሰብ አጋርነት መሥርቶ ሠርቷል። የዚያ ሥራ መነሻ ሰፈሩ የጎደለውን ከመቁጠር በፊት ያለውን መቁጠር ነበር፤ ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ የእናቶችን ሙያ፣ የሽማግሌዎችን ቃል።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያደጋችሁም ይህን ሥርዓት በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ከፍ ያለው ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር እየተማረ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ማንም "ተምረህ ስትጨርስ ታስተምራለህ" አይለውም። መማርና ማገልገል በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ቀን ይውላሉ። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ልማድ ከዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ጋር እንድናስተዋውቀው ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። መቀመጫው በከተማችን የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አቋቁሞ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ከሀገራቸው ውጭ በሌላ የአፍሪካ ሀገር ለ12 ወራት ያሰማራል። የሰላም ሚኒስቴርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ የበጎ ፈቃድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ወጣት ምሩቃንን ከአደጉበት አካባቢ ርቀው እንዲያገለግሉ ልኳል። እንግዲህ የሚሄደው ወጣት አለ፤ የሚመለሰውም አለ። የመላኪያው መንገድ ተጠርጓል፤ የመቀበያው ገና ብዙ ሥራ ይፈልጋል።

ስለዚህ በዚህ ክፍለ ከተማ ሊሞከር ይችላል ብለን ያሰብነውን ለውይይት እናቀርባለን። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ስድስት ሰው ብቻ። ስድስቱም ቢያንስ አንድ ዓመት ከቤታቸው ርቀው በበጎ ፈቃድ ያገለገሉና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ይሆናሉ። ለሁለት ዓመት በሶሻል ወርክ፣ በኅብረተሰብ ጤና፣ በትምህርት ወይም በአካባቢ ጥበቃ የሁለተኛ ዲግሪ ይማራሉ። በሳምንት ሦስት ቀን በተመደቡበት ሰፈር ይሠራሉ፤ ቀሪው ጊዜ ለክፍልና ለንባብ ይሆናል። እያንዳንዳቸው ሁለት አማካሪ ይኖራቸዋል፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሌላው ከሰፈሩ፤ የዕድር ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ሰፈሩ የሚያከብራት እናት ልትሆን ትችላለች።

ሥራው ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ። ከገጠር የመስኖ ሥራ የተመለሰ ወጣት በትንሹ አቃቂ ዳርቻ ከሚያለሙ አትክልተኞች ጋር ተቀምጦ፣ የትኛው አትክልት በየትኛው ውኃ ቢለማ ለበላተኛው የሚያሰጋው ይቀንሳል፣ የጉድጓድ ውኃስ ምን ያህል ያስኬዳል የሚለውን ማጥናት ይችላል። ጥናቱ የዲግሪው ጽሑፍ ይሆናል፤ መልሱ የአትክልተኛው ይሆናል። በሌላ ሀገር የጤና ትምህርት ስትሰጥ የቆየች ወጣት በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር ትመዘግባለች፤ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ክትትላቸው እንዳይቋረጥ የጎረቤት ጥበቃ ታደራጃለች። የምልክት ቋንቋ የተማረ ተመላሽ ደግሞ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ቢያንስ ሰላምታን፣ ቁጥርንና የሕመም ምልክቶችን በእጃቸው መናገር እንዲችሉ ያሠለጥናል።

ይህ ሁሉ እንዲሳካ ግን ልንስማማባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

በቅድሚያ፣ ያገለገለ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በባዶ ሆድ እንዲያገለግል መጠየቅ የለበትም። በጎ ፈቃድ ክቡር ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በበጎ ፈቃድ አይከፈልም። ከማገልገል ጋር እንጀራ ካልተዘጋጀ፣ ዕድሉ የሚደርሰው ወላጆቹ ሊያኖሩት ለሚችሉት ብቻ ይሆናል፤ ድሃው ያገለግላል፤ የባለጸጋው ልጅ ይማራል። ስለዚህ የትምህርት ክፍያው መሸፈን፣ የኑሮና የትራንስፖርት አበሉም በውሉ ላይ በብር ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ሌላው፣ ልምምዱ ልምምድ ይሁን። በብዙ መሥሪያ ቤት ለተግባር ልምምድ የሚላክ ተማሪ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ፣ ደብዳቤ ሲያደርስ ወራቱን እንደሚፈጅ እናውቃለን። መጨረሻ ላይ ማኅተም ይመታለታል። ይህን የሚከለክለው የሥራው ዝርዝር ወጣቱ ከመምጣቱ በፊት በሰፈሩ አንደበት መጻፉ ነው። ጥያቄው ከሰፈሩ ይነሣ፤ ዩኒቨርሲቲው ጥያቄውን ያጥራው። ከዚህም ጋር ተለማማጁ ደመወዝ የሚከፈለውን የሰፈሩን ሠራተኛ ቦታ እንዳይወስድ እንጠንቀቅ። የአንዱን እንጀራ ነጥቆ ለሌላው መስጠት ልማት አይባልም።

ደግሞም ሰፈሩ በፈተናው ድምፅ ይኑረው። የዲግሪው ጽሑፍ ለፈታኞች ከመቅረቡ በፊት፣ በአማርኛ ተጽፎ በዕድሩ ስብሰባ ይነበብ። እናቶች "ይህ እኛ የነገርንህ አይደለም" ወይም "ይህን አልጻፍክም" የማለት መብት ይኑራቸው። በየሰፈሩ መጠይቅ ተይዞ ተመጥቷል፤ ስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ተመዝግቦ ተወስዷል፤ መልሱ ግን ወደ ሰጪው የተመለሰው ስንቴ ነው? በዕድሩ ፊት የሚነበብ ጥናት ወጣቱንም ያስተምረዋል፤ በጥርት ያለ ቋንቋ መጻፍ የሚጀምረው የሚሰማው ሰው በፊቱ ሲቀመጥ ነውና።

ከዚህ በኋላ በብዙዎቻችሁ ልብ ያለውን ስጋት እናውቃለን። "ዲግሪውን ይዞ ወደ ውጭ ቢሄድስ?" ይህ ስጋት ከእውነታ የመጣ ነው፤ አንለዝበውም። አንዳንዱ ይሄዳል። አንዳንድ ድርጅቶች ለዚህ የሚያቀርቡት መፍትሔ በውል ማሠር፣ ማስረጃ መያዝ፣ ዋስ መጥራት ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። በፈቃዱ ያገለገለን ሰው ተጠራጥሮ ማሠር፣ ሊያገለግል የተነሣበትን ልብ መስበር ነው። ከዚህ ይልቅ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ከሰፈሩ አንድ ወጣት ይዞ፣ ሥራውን እያሳየ፣ መዝገቡን እያስረከበ ተተኪ ያፍራ። እርሱ ቢሄድ ሥራው አይሄድም። ቢቆይ ደግሞ የቆየው ወዶ ነው።

"ይህ ገንዘብ በቀጥታ ለችግረኛው ቢሰጥ አይሻልም ወይ?" የሚልም ጥያቄ ይነሣል። ለተራበ እንጀራ ይቅደም፤ በዚህ ክርክር የለንም። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ሥራ በድርቅ፣ በስደተኞችና በውኃ ጉዳይ ላይ የቆየበት ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን እንጀራው ዛሬን ያሻግራል። ከዓመት ዓመት የሚመለሰውን ችግር ከሰፈሩ ጋር ተቀምጦ የሚፈታ የተማረ ሰው ካላፈራን በየዓመቱ ያንኑ እንጀራ ለዚያው ቤት እናደርሳለን። ሁለቱ አንዱ የሌላው ተቀናቃኝ አይደሉም።

ወጪውስ ከየት ይመጣል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ቢተው፣ የላከው ድርጅት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በወጣቱ ስም ጥቂት ጥቂት ቢያስቀምጥ፣ አጥቢያው አንድ ክፍል ቤት ለማደሪያ ቢሰጥ፣ ዕድሩ መሰብሰቢያውንና አማካሪውን ቢያቀርብ፣ ወረዳው የትብብር ደብዳቤውንና መረጃውን ቢሰጥ፣ ለልማት ድርጅቶች የሚቀረው የኑሮና የትራንስፖርት አበል ብቻ ነው። አንድ ተቋም ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ስድስት ተቋማት በቀላሉ ያነሡታል።

እንግዲህ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ከእያንዳንዳችሁ የምንለምነው አለ።

የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች ሆይ፤ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሡ፤ "ለሁለት ዓመት አንድ ሰው ማሳደር እንችላለን ወይ?" መልሱ "አዎን" ከሆነ በጽሑፍ አሳውቁን። "አንችልም" ከሆነም ምክንያቱን አሳውቁን፤ ምክንያቱ ዕቅዳችንን ያርመዋልና።

የዕድር ዳኞችና አባላት ሆይ፤ በሰፈራችሁ ለዓመታት መልስ ያጣውን አንድ ጉዳይ ምረጡ። ሦስት ወይም አራት አትምረጡ፤ አንድ ይበቃል። በራሳችሁ አነጋገር ጽፋችሁ ስጡን። እኛ ወደ ፕሮጀክት ቋንቋ አንለውጠውም፤ እንዳለ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን እናቀርበዋለን።

ከአገልግሎት የተመለሳችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ያያችሁትን ሳይረሳ ጻፉት። የሠራችሁበትን ስፍራ፣ የተሳካውን፣ ያልተሳካውን፣ ያስተማሯችሁን ሰዎች፣ ስትሄዱ ያላወቃችሁትንና አሁን የምታውቁትን በአሥር ገጽ አስፍሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ ያልተጻፈ አገልግሎት ለቅበላ ኮሚቴም፣ ለአሠሪም፣ ለሚከተላችሁ ወጣትም አይታይም። የምስክር ወረቀቱ በአንድ ስፍራ መቆየታችሁን ይናገራል። በዚያ ስፍራ ምን እንደተማራችሁ ሊናገር የሚችለው የእናንተው ብዕር ነው።

ጽሑፎቻችሁን፣ የአጥቢያዎችን መልስና የዕድሮችን ጥያቄ በአንድ ጥራዝ አድርገን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለመነጋገር እንሄዳለን። የምንሄደው ባዶ እጃችንን ወይም የልመና ደብዳቤ ይዘን መሆን የለበትም። ማደሪያ ያለው ሰፈር፣ የተጻፈ ጥያቄ፣ የተፈተነ ሰው ይዘን በሩን ብናንኳኳ ግን የሚዘጋበት ምክንያት ይቀንሳል።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እንለቃለን።